የገብስ ገለባና የአባቴ እግር

አባቴን ከመተሐራ አሰላ ያመጣኋቸው ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻም ልብሳቸውን ራሴ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ የስኳር መርፌያቸውን የሚያስታውሳቸው አልነበረም። ዕድሜያቸውን ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሌላ ሰው ሲነዳቸው አይወዱም። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደውን ዳገት በሚኒባስ ስንወጣ ቀኝ እግራቸው በየኩርባው ወለሉን ሲረግጥ አየሁት። ፍሬን እየያዙ ነበር። «ዕድሜ ልኬን ስኳር ጫንኩ፣ አሁን ስኳር ተጫነኝ» ብለው አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው አሳቁት።

ጣጣው ሁሉ ያለው በዚያ እግር ላይ ነው። ስኳሩ ሁለቱንም እግራቸውን ከቁርጭምጭሚት በታች አደንዝዟቸዋል። እሳቸው ይህን አያምኑም። «ትንሽ ይከብደኛል እንጂ እግሬ እግር ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ። ሚስማር ረግጦ ቀኑን ሙሉ ሲዞርበት የዋለ ሰው አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ከሲሬ በኩል የመጡ አዛውንት ካልሲያቸውን ሳወልቅላቸው የአውራ ጣታቸው ጫፍ የለም። «ምን ሆነው ነው አባቴ?» ብላቸው እሳቸውም ከእኔ እኩል ደነገጡ። ተኝተው ሳለ አይጥ በልቶት ነው። አልሰሙም፣ አላመማቸውም፣ ጠዋት ጫማቸውን አድርገው እርሻ ወርደዋል።

ስለዚህ በአባቴ እግር ቀልድ አላውቅም። ችግሩ እግራቸውን አያሳዩም። የሴት ልጅ ነርስነት ለሌላ ሰው ነው እንጂ ለአባት አይሆንም ባይ ናቸው። ዘዴ ፈለግሁ። እግር ልጠብ የሚል ልጅ መቼም አይከለከልም፤ የታጠበ ሽማግሌም ሳይመርቅ አይነሳም። እናም በየምሽቱ ከእራት በፊት ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አቀርባለሁ፣ ተንበርክኬ አጥባለሁ፣ በጣቶቻቸው መሃል ቁስል እፈልጋለሁ። እሳቸው ይመርቁኛል፣ እኔ እመረምራቸዋለሁ። ምርቃቱን ግማሹን አልሰማውም ነበር።

እኔ ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። እናቴ «መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ ወይ?» ትለኝ ነበር። ሻይ እየጠጣሁ መስኮት እወለውላለሁ፤ መስኮት እየወለወልኩ ምሳ ምን እንደሚሠራ አስባለሁ። አባቴ ከመጡ በኋላ ደግሞ ባሰብኝ፤ የማስበውም አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ብርዱ።

የምንኖረው በአሰላ ላይኛው በኩል፣ በአንዲት እናት ግቢ ውስጥ በተከራየሁት የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ደህና ነው፣ ወለሉም ሲሚንቶ ነው። ጉዱ ከላይ ነው። የግድግዳው ራስና ቆርቆሮው በሚገናኙበት ዙሪያውን እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ኮርኒሱም የማዳበሪያ ከረጢት እየተሰፋ የተወጠረ ነው። ጥቅምት ሲገባ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ንፋስ በክፍተቱ ገብቶ ኮርኒሱን ይነፋዋል፣ መልሶ ያጎድለዋል። አባቴ ጋቢያቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው፣ በጀርባቸው ተጋድመው ያዩታል። «ይሄ ቤት ይተነፍሳል እንዴ?» ይሉኛል። እግራቸውን ስነካው በረዶ ነው፤ እሳቸው ግን የሚበርዳቸው ጀርባቸውን ነው። እግሩስ ከየት ያውቀዋል?

የቤቱን ባለቤት እኔም እንደ ግቢው ልጆች «አዮ» እላቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነው። ዲክሲስ በኩል በእኩል የሚታረስላቸው መሬት አላቸው፤ በዚያ ኅዳር ገብሱ በኮምባይነር ታጭዶ ገለባው ለላሞቻቸው በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። እኔ ክፍተቱ ውስጥ አሮጌ ጨርቅ ስጠቀጥቅ አዩኝና ሳቁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በጨርቅ ብርድ አይመለስም! ገለባ ሙዪበት። የአባቶቻችን ቤት ምን ነበር? ገለባ አይደለም?»

«የላሞቹን መኖ እንዴት እወስዳለሁ አዮ?»

«ራኮን ሂንጂሩ፣ ችግር የለም! ለአባትሽ ነው። ደግሞ ተራ ገለባ እንዳይመስልሽ፤ ፍሬ ያለበት ነው፣ ወፍራም ነው» አሉ።

ይህን እንደ ሙገሳ ነበር የተናገሩት፤ እኔም እንደ ሙገሳ ሰማሁት። ለላም የተቀመጠ ገለባ ሲሰጥህ አልፈልግም አይባልም፤ ነውር ነው። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ዋልኩ። ገለባውን በባዶ የማዳበሪያ ከረጢት እየጠቀጠቅሁ ክፍተቱን ዙሪያውን ደፈንኩት፤ የተረፈውን ከኮርኒሱ በላይ አለበስኩት። ፀጉሬም ጡቴም ገለባ ሆነ፣ ቆዳዬ ተቃጠለ፣ ግን እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ ትዝ አይለኝም።

ቤቱም ሞቀ። እውነት ሞቀ። ኮርኒሱ መተንፈስ አቆመ። አባቴ ብርድ ልብሱን ጣሉ፣ ቀጥሎ ጋቢውን፣ በመጨረሻም በሸሚዝ ብቻ አልጋ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ሲሰሙ አገኘኋቸው። «መተሐራ ገባን!» አሉኝ። ለአዮ ቡና ይዤ ሄጄ አመሰገንኩ።

አሁን ሳስበው ኮምባይነር እንደ በሬ አይደለም። በሬ አውድማ ላይ ረግጦት፣ ሰው በመንሽ አንስቶ ያዘራው ገለባ ባዶ ገለባ ነው። ኮምባይነር እንደ እኔ ችኩል ነው። በተለይ ገብሱ ትንሽ እርጥበት ካገኘው ዛላውን በደንብ ሳይፈለፍል በኋላው ይተፋዋል። ለላም ይህ በረከት ነው፤ በአርሲ ገበያም ፍሬ ያለበት ገለባ ይመሰገናል። ለላም የሚመሰገን ነገር ከሰው አናት በላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚጠራ ግን ከግቢው ሰው ማንም አላሰበም።

የጠራው አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ መጣ። አባቴ ጋደም ብለዋል፣ እኔ ልብስ እያጣጠፍኩ ነው። ከኮርኒሱ በላይ አንድ ነገር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሮጠ።

«ንፋስ ነው» አሉ አባቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ንፋስ እግር የለውም። ቀና ብዬ ስመለከት ከከረጢቱ ስፌት መሃል አንድ ትንሽ ነገር ወርዶ ብርድ ልብሳቸው ላይ አረፈ። አነሳሁት። የገብስ ልጣጭ ነው፤ ውስጡ በንጽሕና ተበልቷል። ያንን ባዶ ልጣጭ ይዤ የሲሬውን ሰውዬ ጣት አየሁ። ወዲያው የአባቴን እግር በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። «ሞቆኛል፣ ተዪኝ» ብለው ገፉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት የሚባል ነገር ራቀኝ። ሥራ ቦታ የሰው የደም ግፊት እየለካሁ የጭረት ድምፅ ይሰማኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ሮጬ እመጣለሁ፣ የበር መክፈቻውን ሳዞር ቆሜ አዳምጣለሁ፣ እገባለሁ፣ እግራቸው ካልሲ ማድረጉን አያለሁ፣ ተመልሼ እሮጣለሁ። ድሮ በምሽት ብቻ ያጠብኩትን እግር ጠዋትም ልጠብ አልኩ። «እግሬን ልታሟሚው ነው እንዴ?» አሉኝ። ካልሲ አድርገው እንዲተኙ ለመንኳቸው፤ እሺ ይላሉ፣ እኔ ከወጣሁ ያወልቁታል። ካልሲ አድርጎ የሚተኛ በሽተኛ ነው ይላሉ። በሽተኛ አይደሉማ!

ስለ አይጡ ለአዮ ነገርኳቸው፣ አዮ ለጎረቤት ነገሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ድመቷን አዋሰችኝ፤ ድመቷ ሞቅ ያለ ቤት ስታገኝ ከአባቴ ጎን ተጠቅልላ መተኛት ሥራዋ ሆነ። በድምፅ ማጉያ «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን መድኃኒት!» እያለ የሚዞረውን ሰው አስቁሜ መርዝ ገዛሁ። የበላው አይጥ ገለባው ውስጥ ሞቶ ሸተተ፤ የቀሩት ግን አልሄዱም። ሙጫ ያለበት ወረቀት አጠመድኩ፤ የያዘው የአዮን ጫጩት ነው። ጫጩቷን በዘይት እያሸን ስናላቅቅ አዮ በኦሮምኛ የተናገሩትን አባቴ በሹፌርነት ዘመናቸው በለቀሙት ኦሮምኛ ተረድተው ሳቁ፤ ለእኔ ግን አልተረጎሙልኝም።

በመጨረሻ ግልጽ ሆነልኝ። አይጡ የሚገባው በክፍተቱ ነው፣ የሚቀመጠው ለገብሱ ነው። ገለባው መውጣት፣ ክፍተቱም በማይበሳ ነገር መደፈን አለበት። አዮም ተስማሙ። ለበረታቸው መለሰኛ ብለው ጓሮ ያስቆፈሩት ጉድጓድ ነበርና ጭቃ ጀመርን፤ አፈር፣ ውኃ፣ የጤፍ ጭድ። በእግራችን ረገጥነው። እኔ በማግሥቱ ልለስን መሰላል ሳነሳ አዮ መሰላሉን ያዙት።

«ገና ነው። ጭቃው መቡካት አለበት። ሳይቦካ ከለሰንሽው ይሰነጠቃል።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪሸት!»

እስኪሸት! በየቀኑ ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማየው ያንን ጉድጓድ ነበር። ጎንበስ ብዬ አሸተዋለሁ። አንድም ሰው ጭቃ እንዲሸት የእኔን ያህል ተመኝቶ አያውቅም። ጭቃው ግን አይቸኩልም፤ ፀሐይ ላይ ተኝቶ አልፎ አልፎ አንድ አረፋ ያወጣል። በላይ አይጦቹ ይሮጣሉ፣ በታች አባቴ በባዶ እግራቸው ይተኛሉ፣ በጓሮ ጭቃ ይቦካል። ሦስቱም በራሳቸው ጊዜ ነው የሚሄዱት፤ የምትበር እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ አልቻልኩም። ጭቃው ቢቆይም ገለባው ለምን ይቆያል ብዬ መሰላሉን አቆምኩ። ምግባቸውን ካነሳሁባቸው ይሄዳሉ አልኩ። አዮም አልከለከሉኝም፤ እንዲያውም ከታች ሆነው የሚወርደውን ገለባ እየተቀበሉ ለላሞቻቸው ወሰዱ። እስከ እኩለ ቀን ኮርኒሱ ባዶ ሆነ። ጎጆ ሠርተዋል፣ ወልደዋል፣ አንዲት እፍኝ የምትሞላ ንጹህ ገብስ ጥግ ላይ አከማችተዋል። ሁሉንም ጠራርጌ አወረድኩ። ወደ ማታ ቤቱ እንደገና መተንፈስ ጀመረ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ የለቀምኩት ግን ያፈሰስኩትን አልነበረም። አይጥ ቤት ከለመደ ምግቡ ስለተነሳበት ብቻ ተሰናብቶ አይወጣም። በሩ ክፍት ነው፣ ጎተራው ባዶ ነው፤ ስለዚህ ወረዱ።

ሰኞ ማታ ሳፋውን አቀረብኩ። አባቴ በዚያን ቀን ከምሳ በኋላ ጥሩ እንቅልፍ እንደተኙ፣ ድመቷ ወደ ባለቤቷ እንደተመለሰች፣ መብራት እንደጠፋና እንደመጣ እየነገሩኝ ነው። ግራ እግራቸውን አጥቤ ጨረስኩ። ቀኙን አነሳሁና ውኃው ውስጥ አስገባሁት። እሳቸው እንደተለመደው ምርቃቱን ጀመሩ፣ «እግርሽን እንቅፋት አይምታው፣ የያዝሽው ሁሉ...» ሲሉ ውኃው ቀላ።

እግሩን አወጣሁት። ከትንሿ ጣት ቀጥላ ያለችው ጣት ጫፏ ተልጧል። የተቆረጠ አይደለም፣ የተጫረም አይደለም፤ በትንሽ በትንሹ፣ ሳይቸኩል የተበላ ነው።

አባቴ እኔን አላዩም፤ ውኃውን ነበር የሚያዩት። እግራቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ፊታቸው አቀረቡት። ጣቷን በጣታቸው ነኳት። ጫን አደረጓት። ፊታቸው ላይ ምንም ሕመም የለም። ሕመም ቢኖርበት ምንኛ ደስ ባለኝ!

«ሳልሰማ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«እዚህ ድረስ በልቶኝ፣ ሳልሰማ?»

በጨርቅ ጠቀለልኩት፣ ባጃጅ አስጠራሁ፣ ሐኪም ቤት ይዤያቸው ሄድኩ። ቁስሉ ታጠበ፣ መድኃኒት ተጀመረ። እኔም በቀን በቀኑ በእጄ በፋሻ አሰርኩት። ግን ስኳር ያለበት እግር ቁስል ሲያገኝ እንግዳ እንዳገኘ ሰው ቶሎ አይሸኘውም። ጣቷ ጠቆረች። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው ወጣት ሐኪም በአክብሮት ጎንበስ ብሎ እሷን ካላነሳን እግሩን ልናጣ እንችላለን አላቸው። አባቴ «ያንተ ሥራ ነው» ብቻ አሉት። ያ ሁሉ ቀልድ፣ ያ ሁሉ ጨዋታ የት እንደገባ እንጃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስታማሚ ሲያናግራቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ምግብ ሳቀርብ ይጎርሳሉ፣ ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ጣቷ ተቆርጣ ከመሄዷ በላይ ይህ ዝምታቸው አስፈራኝ። እግራቸውን አድናለሁ ስል እሳቸውን አጣሁ እንዴ እያልኩ አልጋቸውን ዞርኩ።

አባቴ ሐኪም ቤት ተኝተው ሳሉ ጭቃው ሸተተ። አዮ ጠዋት በሬን አንኳኩና «በቃ፣ ቦክቷል» አሉኝ። ፈቃድ ወስጄ ልብሴን ሰብስቤ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። እሳቸውም ገቡ። መርገጥ ስንጀምር የያዝኩት ንዴት ወጣ።

«ያ ገለባ የእርስዎ ነው አዮ! ፍሬ ያለበት ነው ብለው ሰጡኝ!»

«ገለባው የእኔ ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ያወረድሽው ማን ነው?»

«ሲቀበሉኝ ነበር እኮ!»

«ተቀበልኩ! ላሞቼ ርቧቸው ነበራ!»

እንዲህ እየተጯጯህን እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ስንረግጥ ዋልን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው ሁለታችንም አይጡን ትተን እርስ በርስ ነበር የምንመታታው። ድካም ሲያሸንፈን ጉድጓዱ ዳር ተቀመጥን። ከዚያ አዮ ሳልጠይቃቸው ጠርሙስ ሰባብረው አመጡ፤ አይጥ እንዳይቦረቡረው ጭቃው ውስጥ ጨመርነው። እኔ ከሱቅ የገዛሁትን ወንፊት ሽቦ እየቆረጥኩ ክፍተቱ ውስጥ ጠቀጠቅሁ፣ ትንንሾቹን ቀዳዳዎች በድስት መፈተጊያ ሽቦ ደፈንኳቸው፣ በላዩ ላይ እጄን በላስቲክ ጠቅልዬ ጭቃውን መታሁት። የጤፉ ጭድ በስብሶ ከአፈሩ ጋር አንድ ሆኗል፤ የሚበላ ነገር የለበትም። የከረጢቱን ኮርኒስ አውርደን በችፑድ አስመታነው። በመጨረሻም በሩን ዘግቼ፣ ጨለማ ውስጥ ቆሜ፣ የትኛው ጥግ ብርሃን እንደሚያስገባ ዞሬ አየሁ። አንድም አልነበረም።

አባቴ ከሐኪም ቤት ሲመጡ ቤቱ ሞቋል። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ወደ ላይ አዩ። ችፑዱ አይነፋም፣ አይጎድልም። የሚሮጥም የለም። አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ካልሲያቸውን ሳልለምናቸው አደረጉና ተኙ። ድሮ «ተዪኝ» ሲሉኝ እበሳጭ ነበር፤ አሁን አንዴ «ተዪኝ» ቢሉኝ ብዬ ተመኘሁ።

ቁስሉ ደርቆ ውኃ መንካት እስኪችል ድረስ እግራቸውን በሳፋ አላጠብኩም። ሐኪሙ ይቻላል ባለ ቀን ወደ ማታ ውኃ አሙቄ በክርኔ ለክቼ አቀረብኩ። ተንበረከክሁ። ምርቃት አልጀመሩም። እግራቸውን ከሳፋው በላይ አንጠልጥለው ያዙት።

«ውኃው ምን ያህል ነው?» አሉኝ። «እኔ አላውቀውም፤ አንቺ ንገሪኝ።»

«ለብ ያለ ነው አባባ።»

«ለብ ያለ ከሆነ ደህና» ብለው አስገቡት።

አጠብኩ። እጄ ጣቶቹ ጋ ሲደርስ ፈራሁ። በትንሿ ጣትና በመሃሉ ጣት መካከል አሁን ባዶ ቦታ አለ፤ የእኔ አውራ ጣት ልክ ይገባበታል። ቀስ ብዬ አጠብኩት። አባቴ ከላይ ጎንበስ ብለው ያንን ቦታ ሲያዩ ተሰማኝ።

«አንቺ ልጅ» አሉ።

«አቤት አባባ?»

«ግድግዳውን ሁሉ ደፍነሽ ስታበቂ ይህቺን ክፍተት ትተሻታል። በዚህ በኩል አይጥ ቢገባስ?»

ቀና አልኩ። ሊስቁ ሲሉ ከንፈራቸው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ፤ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሳቅሁ። ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ አዮ ከግቢ «ምንድን ነው እሱ?» እስኪሉ ድረስ። ከዚያ ሳቁን ማቆም አቃተኝ፣ ከዚያም ሳቅ መሆኑ ቀረ፤ ግንባሬን ጉልበታቸው ላይ ደፍቼ ልቤ እስኪወጣ አለቀስኩ። አባቴ እግራቸውን አላወጡም። ውኃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠበቁኝ።